ሃም፣ በርገር፣ ፍራይስ፦ በበረራ ዕቅድ ላይ ያሉ እንግዳ የነጥብ ስሞችን እንዴት እናንብብ?

በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ወዳለ አንድ አየር ማረፊያ የሚጠጋ አብራሪ በተራ ሦስት ነጥቦችን፣ ማለትም ሰማይ ላይ ስም የተሰጣቸውን የመንገድ ምልክቶች፣ ያልፋል። የመጀመሪያው «ሃም» ይባላል። ሁለተኛው «በርገር»። ሦስተኛው «ፍራይስ»። የእኔ ቀልድ አይደለም። ስሞቹ ካርታ ላይ ታትመው፣ የአውሮፕላን ኮምፒውተር ውስጥ ተጭነው የኖሩ ናቸው።

እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ወይ ይስቃል፣ ወይ እያንዳንዱ ስም የተደበቀ ትርጉም ያለው ይመስለዋል። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ። የበረራ ሲሙሌተር (አውሮፕላን ማብረርን የሚያስመስል የኮምፒውተር ጨዋታ) በጀመርኩ ሰሞን አንድ የበረራ ዕቅድ ይዤ ስሞቹን እንደ እንቆቅልሽ ስፈታ አመሸሁ። ጠብ ያለ ነገር የለም። በኋላ እንደገባኝ አጀማመሬ ራሱ ስህተት ነበር። መጀመሪያ የሚታየው የስሙ ቅርጽ ነው። ስንት ፊደል ነው? ቁጥር አለበት? ቁጥሩ የት ጋ ተቀመጠ? ይህን ካያችሁ የመስመሩ አብዛኛው ነገር ይገለጥላችኋል። ትርጉም ፍለጋው ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ባይደርስም አይጎዳም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። እነዚህ ስሞች የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እዚህ ግን ፊደሎቹን በየስማቸው እጽፋቸዋለሁ። «ኤፍ-350» ስል ኤፍ የምትባለዋን አንዲት ፊደልና 350 ቁጥርን ማለቴ ነው።

1. መስመሩን በየክፍተቱ ቆራርጡት

ዓለም አቀፉ የበረራ ዕቅድ ቅጽ ላይ መንገዱ የሚጻፈው 15ኛው ሳጥን ውስጥ ነው። ሲያዩት ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ክፍተት ባያችሁ ቁጥር ቁረጡ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው አንድ ነገር ይናገራል።

ለመለማመጃ ይችን አጭር መስመር እንያዝ፦

ኤን-0478-ኤፍ-350 ዲ-ሲ-ቲ ማሎት/ኤም-082-ኤፍ-350 53-ኤን-020-ደብልዩ 53-ኤን-030-ደብልዩ

የመጀመሪያው ቁራጭ ምንጊዜም ፍጥነትና ከፍታ ነው። «ኤን-0478» 478 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 478 የባሕር ማይል ማለት ነው። ኤኑ በ«ኬ» ተተክቶ ካያችሁ ፍጥነቱ በሰዓት በኪሎ ሜትር ነው፤ በ«ኤም» ከተተካ ደግሞ በማክ፣ ማለትም ከድምፅ ፍጥነት አንጻር ነው። «ኤፍ-350» ማለት የበረራ ደረጃ 350 ሲሆን፣ በግርድፉ 35,000 ጫማ ነው። ቦታ አይደለምና ካርታ ላይ አትፈልጉት። እኔ ፈልጌዋለሁ፣ እናንተ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ።

«ዲ-ሲ-ቲ» ቀጥታ ሂድ ማለት ነው፤ ይሄም የቦታ ስም አይደለም። ከስም ቀጥሎ የምትመጣዋ እዝባር (/) ደግሞ «እዚህ ነጥብ ላይ ስትደርስ ፍጥነትህን ወይም ከፍታህን ቀይር» ትላለች። በእኛ መስመር አውሮፕላኑ ማሎት ላይ ፍጥነቱን ማክ 0.82 ያደርጋል፤ ከፍታው ባለበት ይቀጥላል።

2. ፊደሎቹን ቁጠሩ

አብዛኛውን ነገር የሚፈታው ይህ ደረጃ ነው፤ ረጋ ብላችሁ ያዙት።

ሦስት ፊደል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ የተተከለ የሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ቪኦአር የሚባለው ዓይነት። የሦስት ፊደል ስም የሚያሳስተው በአጋጣሚ ቃል ሲሆን ነው። በለንደን ሂትሮው ዙሪያ አውሮፕላኖች እየዞሩ ተራ የሚጠብቁባቸው አራት ቦታዎች አሉ፦ ቢ-ኤን-ኤን፣ ኦ-ሲ-ኬ፣ ኤል-ኤ-ኤም እና ቢ-አይ-ጂ። የመጨረሻዋን የእንግሊዝኛ ቃል አድርጎ ያነበበ ሰው «ትልቅ» ብሎ ይተረጉማታል። ግን ቢጊን ሂል የሚባለው ቦታ አጭር ስም ናት። ሌሎቹም ቦቪንግደን፣ ኦካም እና ላምቦርን ናቸው።

አንድ ወይም ሁለት ፊደል ካያችሁ ብዙ ጊዜ ኤንዲቢ የሚባለው የቆየ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። አራት ፊደል ደግሞ አየር ማረፊያ ነው፤ ሂትሮው ለምሳሌ ኢ-ጂ-ኤል-ኤል ነው።

አምስት ፊደል ሲሆን ጨዋታው ይለወጣል። እዚያ ቦታ ላይ ምንም የተተከለ ነገር የለም። ባሕር ላይ ሊሆን ይችላል፣ በረሃ ላይ ሊሆን ይችላል። ያለው ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻ ነው፤ ስሙ ለዚያ የተለጠፈ ምልክት ነው። ማሎት ከአየርላንድ በስተ ምዕራብ፣ 53 ዲግሪ ሰሜንና 15 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያለ ባዶ ባሕር ነው። አይካኦ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ለእነዚህ ስሞች ሕግ አውጥቷል። ስሙ ልክ አምስት ፊደል ይሁን፤ እንደ አንድ ቃል አፍ ላይ ይግባ፤ ለሌላ ነጥብም አይሰጥ። «እንግዳ» የምንላቸው ስሞች የሚበዙት እዚህ ሰፈር ነው።

አንድ ፊደልና ከአንድ እስከ ሦስት አሃዝ፣ ለምሳሌ «ኤል-9» ወይም «ኤን-571»፣ ነጥብ አይደለም። ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኝ የሰማይ ጎዳና ነው። በአማርኛ «አየር መንገድ» ብለው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያ ስም ለድርጅቶቹ ተይዟል፤ ስለዚህ ኤርዌይ እንበለው። ከፊቱ «ዩ» ከተጨመረች የላይኛው የአየር ክልል መንገድ ነው፤ ሬዲዮ ላይም «አፐር» ተብላ ትነበባለች። ሲነበብ ከግራ ያለው ነጥብ መግቢያ ነው፣ ከቀኝ ያለው መውጫ። በመሃል ያሉት ነጥቦች አይጻፉም፤ ስለዚህ ካርታው ላይ ያያችሁት ነጥብ ዕቅዱ ላይ ከጎደለ አትደንግጡ።

ወደ አየር ማረፊያ ሲጠጉ የሚመጡት ደግሞ ቅርጻቸው ይለያል። «አር-ደብልዩ-27» የማኮብኮቢያ 27 ጫፍ ነው። «ዲ-234-ኤፍ» ዓይነት ስም ደግሞ አስቀያሚ ቢመስልም አሪፍ ነው፤ ራሱን በራሱ ይተረጉማል። ዲዋ ርቀት አመልካች ናት። 234 ከሬዲዮ ጣቢያው የሚወጣው አቅጣጫ ነው። የመጨረሻዋ ፊደል ርቀቱ ናት፦ ኤ 1፣ ቢ 2 እያላችሁ ብትቆጥሩ ኤፍ 6 ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ ነጥቡ ከጣቢያው በ234 ዲግሪ አቅጣጫ 6 የባሕር ማይል ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በ«ሲ-ኤፍ» ወይም በ«ቪ-ፒ» የሚጀምሩና አፍ ላይ የማይገቡ አምስት ፊደሎች ካጋጠሟችሁ ለመጥራት አትታገሉ። የመጀመሪያዎቹ ለኮምፒውተሩ ብቻ የተሰጡ ናቸው፤ ሬዲዮ ላይም አይጠሩም፣ ዕቅድ ላይም አይጻፉም። ሁለተኛዎቹ መሬት እያዩ ለሚበሩ ናቸው።

3. ቁጥር የበዛበትን ለብቻው ያዙት

ውቅያኖስ ላይ ስም ያልቅና ቁጥር ይጀምራል። «53-ኤን-020-ደብልዩ» ግልጽ ነው፦ 53 ዲግሪ ሰሜን፣ 20 ዲግሪ ምዕራብ። ደቂቃ ካስፈለገ ይረዝማል፤ «5230-ኤን-03000-ደብልዩ» ማለት 52 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ሰሜን፣ 30 ዲግሪ ምዕራብ ነው።

ችግሩ የአውሮፕላኑ ኮምፒውተር ነው። እሱ የነጥብ ስም በአምስት ቦታ ማሳጠር ይወዳል። ስለዚህ «5230-ኤን» ብቻዋን ካየኋት ምን ማለት ናት? 52 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ልትሉ ነው። አይደለም። 52 ዲግሪ ሰሜን፣ 30 ዲግሪ ምዕራብ ናት። አራቱ አሃዞች ለሁለት ተከፍለዋል፤ ሁለቱ ለኬክሮስ፣ ሁለቱ ለኬንትሮስ። ከላይ በረጅሙ ያየነው «5230-ኤን» እና ይችኛዋ በዓይን አንድ ናቸው። በቦታ ግን ግማሽ ዲግሪ ይለያያሉ። ግማሽ ዲግሪ ኬክሮስ 30 የባሕር ማይል ነው።

ገና አላበቃም። ፊደሏ ከፊት ብትመጣ፣ «ኤን-5230» ብትሆን፣ በአንዳንድ አሠራር ግማሽ ዲግሪ ተጨምሮበታል ማለት ነው፦ 52 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ። አንዲት ፊደል ከኋላ ወደ ፊት በመዝለሏ መንገዱ 30 የባሕር ማይል ይሸሻል! ማን እንደፈጠረው ባገኘው ጥቂት የምጠይቀው ነገር ነበረኝ። በሰሜን አትላንቲክ ይህ መመሳሰል ስለሚያሳስት፣ ለግማሽ ዲግሪው «ኤች-5230» የሚለው አጻጻፍ መጥቷል። ኤች ካያችሁ «ግማሽ አለ» በሉ።

የኋላዋ ፊደል ሁልጊዜ ኤን አይደለችም። ሰሜን ምዕራብ ኤን ነው፣ ሰሜን ምሥራቅ ኢ፣ ደቡብ ምሥራቅ ኤስ፣ ደቡብ ምዕራብ ደብልዩ። ከሰሜን ምዕራብ ተነስታችሁ በሰዓት አቅጣጫ ስትዞሩ ፊደሎቹ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብ እያሉ ይከተሏችኋል። ኬንትሮሱ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ፊደሏ መሃል ትገባለች፤ «50-ኤን-40» 50 ሰሜን፣ 140 ምዕራብ ነው።

4. ጮክ ብላችሁ አንብቡት

አሁን ወደ አዝናኙ። የአምስት ፊደል ስም ለጆሮ የተሠራ ነው። ተቆጣጣሪው በሬዲዮ ይጠራዋል፣ አብራሪው ሰምቶ ይደግመዋል። ስለዚህ በዓይን ግራ ካጋባችሁ በአፍ ሞክሩት።

የእኛ ፊደል አናባቢውን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። እነሱ ግን አምስት ቦታ ብቻ ስላላቸው መጀመሪያ የሚጥሉት አናባቢ ነው። «ቢ-ዩ-አር-ጂ-አር» ላይ የጎደለውን አናባቢ ስትጨምሩ በርገር ይመጣል። የቦስተኗ «ኤል-ቢ-ኤስ-ቲ-ኤ» ደግሞ ሎብስተር (የሚበላ የባሕር እንስሳ) ናት፤ ያውም በከተማዋ ሰዎች አነጋገር፣ መጨረሻ ላይ ያለችው አር ተውጣ። በተቃራኒው ቃሉ አጭር ሲሆን ፊደል ደጋግመው ይሞሉታል። ሃም «ኤች-ኤ-ኤም-ኤም-ኤም» ነው። ድግግሞሹን ጨፍልቁት።

ከዚያ አንዱን ብቻ ሳይሆን ተከታታዩን አብራችሁ አንብቡ። ቀልዱ ብዙ ጊዜ ያለው ሰልፉ ላይ ነው። በጥብስ በምትታወቀው ካንሳስ ሲቲ አካባቢ ባርቤኪው፣ ስፓይሲ፣ ስሞክ፣ ሪብስ የሚሉ ነጥቦች አሉ። ከሁሉ የምወደው ግን በኒው ሃምፕሸር ፖርትስመዝ ያለውን ነው። ወደ ማኮብኮቢያው የሚወስዱት አራት ነጥቦች ተራ በተራ ሲነበቡ የአንዲት ኮልታፋ የካርቱን ወፍ ንግግር ይሆናሉ፦ «ድመት ያየሁ መሰለኝ»። አብራሪው ማረፍ ሳይችል ቀርቶ እንደገና ወደ ላይ ከወጣ የሚሄድበት ነጥብ ደግሞ አምስተኛው ነው፤ «አይ-ዲ-ኢ-ኢ-ዲ»፣ «እውነትም አየሁ» እንደማለት። ያንን የሰየመ ሰው በዚያ ቀን ሥራው አልደበረውም።

እዚህ ላይ ግን ልጓም ያዙ። እንዲህ ዓይነቱ ቀልድ በብዛት የአሜሪካ ነገር ነው። ሌላው ዓለም ላይ የምታገኟቸው ስሞች አብዛኞቹ አፍ ላይ እንዲገቡ ብቻ የተገጣጠሙ ድምፆች ናቸው። እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2014 ኤምኤች370 ከራዳር ማያ ላይ የጠፋው «ኢጋሪ» የሚባል ነጥብ እንዳለፈ ነበር። ያን ጊዜ ስሙን መተርጎም የሞከረ ሰው ብዙ ነው። ኢጋሪ በማሌዥያና በቬትናም መካከል ባሕር ላይ ያለ የቦታ ምልክት ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር አትጠብቁበት።

በሬዲዮ ስትሰሙ ካልያዛችሁት ይፈደልላችሁ ዘንድ መጠየቅ ነውር አይደለም። በሬዲዮ ኤች «ሆቴል»፣ ኤ «አልፋ»፣ ኤም «ማይክ» ተብለው ይፈደላሉ፤ «ሆቴል፣ አልፋ፣ ማይክ፣ ማይክ፣ ማይክ» ከተባላችሁ የምሳ ሰዓት ደርሷል ማለት ነው።

5. ስሙን አትመኑ፣ ቦታውን እዩ

የአምስት ፊደል ስሞች በሕጉ አይደገሙም፤ በተግባር አልፎ አልፎ ድግግሞሽ ይገኛል። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ፊደል ስሞች ግን ዓለም ላይ ሞልተዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፏቸው ዝርዝር ያወጣና «የትኛው?» ይላችኋል። እኔ አንዴ ሲሙሌተር ላይ ዝርዝሩን ሳላነብ የመጀመሪያውን ነካሁ። ሮዝ የመንገድ መስመሯ ከአውሮፓ ተነስታ ውቅያኖስ ተሻግራ ሄደች። እኔ ሳቅኩ፤ ሶፍትዌር ነዋ።

እውነተኛው ግን አያስቅም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1995 ማታ የአሜሪካን ኤርላይንስ በረራ 965፣ ቦይንግ 757፣ ከማያሚ ወደ ኮሎምቢያዋ ካሊ እየወረደ ነበር። ተቆጣጣሪው በቀጥታ በሌላኛው ማኮብኮቢያ አቅጣጫ እንዲያርፉ አማራጭ ሰጣቸው፤ ተቀበሉ። አሁን ወደ «ሮዞ» መሄድ አለባቸው። ሮዞ ኤንዲቢ ነው፤ ካርታው ላይ መለያው አንዲት ፊደል ናት፦ አር። ኮምፒውተሩ ላይ አር ብለው አስገቡ፤ ከዝርዝሩ አናት ላይ የነበረውን መረጡ።

ያ ግን ሮዞ አልነበረም። «ሮሜዮ» የሚባል፣ ቦጎታ አጠገብ ያለ፣ ከካሊ ከ130 የባሕር ማይል በላይ የሚርቅ ሌላ ጣቢያ ነው። እሱም መለያው አር ነው። ሮዞን ለማግኘት አራቱንም ፊደል ሙሉ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። አውሮፕላኑ በታዛዥነት ወደ ግራ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረ። በሁለቱ መካከል ተራራ አለ። አብራሪዎቹ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ሲገባቸው ጨለማ ነበር፣ እየወረዱም ነበር። ከ163 ሰዎች 159ኙ ሞቱ።

ስለዚህ ዝርዝር ሲመጣላችሁ ከስሙ ጎን ያለውን ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ወይም ርቀቱን፣ አንብቡ። ከዚያ ካለፈው ነጥብ እስከ አዲሱ ያለውን ርቀት በግምት አስሉት። በእኛ መለማመጃ መስመር ከማሎት እስከ 20 ዲግሪ ምዕራብ ወደ 180 የባሕር ማይል ነው፤ ከዚያ እስከ 30 ዲግሪ ደግሞ ወደ 360። ኮምፒውተሩ 1,900 ካላችሁ ጣታችሁን አንሱ። አቅጣጫውም እንዲሁ፦ ወደ ምዕራብ እየሄዳችሁ መስመሩ ወደ ኋላ ከታጠፈ የሆነ ነገር ተሳስቷል።

6. የተቆረጠ ስም

ከማኮብኮቢያ የሚነሱበትና የሚጠጉበት መንገዶች ስማቸውን ከአንድ ነጥብ ይዋሳሉ፤ ከዚያ ቁጥርና ፊደል ይጨምራሉ። ከፍራንክፈርት የሚነሳ መንገድ ለምሳሌ «ማሩን 7 ኤፍ» ቢባል፣ አምስት ፊደል ሲደመር ሁለት፣ ሰባት ቦታ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ያለው ስድስት ነው። ስለዚህ አምስተኛዋን ፊደል ይጥላታል፤ «ማሩ-7-ኤፍ» ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያው አንድ ነገር ነው። ቁጥሩ የሚለወጠው መንገዱ ሲሻሻል ነው፤ ዕቅዳችሁ 7 ካለና ካርታው 8 ካለ አንዳቸው አርጅተዋል።

7. ስሙ ጭራሽ ከሌለ

ጻፋችሁት፣ ኮምፒውተሩ «የለም» አለ። መጀመሪያ ሆሄያቱን እዩ፤ ኦ ፊደልና ዜሮ ቁጥር አንድ ይመስላሉ። ካልሆነ የመረጃ ቋቱን ቀን እዩ። የዓለም የበረራ መረጃ በየ28 ቀኑ ይታደሳል። ነጥብ ሲነሳ ስሙም ይሄዳል፤ ቦታው ከተዛወረ አዲስ ስም ይሰጠዋል። 

አንዳንዴ የሚነሳው ከበረራ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ነው። ፍሎሪዳ ፓልም ቢች አጠገብ «ዲ-ኦ-ኤን-ኤል-ዲ»፣ «ቲ-አር-ኤም-ፒ-ፒ» እና «ዩ-ኤፍ-አይ-አር-ዲ» የሚባሉ ነጥቦች ነበሩ። በአራተኛው ደረጃ እንዳየነው አናባቢ ጨምሩ፣ ድግግሞሽ ጨፍልቁ፦ ዶናልድ፣ ትራምፕ፣ «ተባረሃል»። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር ስሞቹን እንደሚቀይር አስታወቀ። የድሮ ካርታ ይዞ «ተባረሃል» የሚለውን የሚፈልግ ሲሙሌተር ተጫዋች አሁን ሲያጣው የካርታውን ቀን ይመልከት።